የድንች መጭመቂያ፦ ከወንፊት እስከ ባለ ሁለት እጀታው መሣሪያ

ድንች በሰው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የለማው በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች፣ በዛሬዎቹ ደቡብ ፔሩና ሰሜን ምዕራብ ቦሊቪያ መካከል፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው የቲቲካካ ሐይቅ አካባቢ ሲሆን፣ ዘመኑም ከዛሬ 7,000 እስከ 10,000 ዓመት በፊት እንደሚሆን የዕፅዋት ታሪክ አጥኚዎች ይገምታሉ። የዚያ ደጋ ገበሬዎች ድንችን ቀቅለው ከመብላታቸውም በላይ ለክፉ ቀን የሚያቆዩበትን ዘዴ አግኝተው ነበር፤ ትንንሾቹንና መራራዎቹን ድንቾች ሌሊት ሜዳ ላይ አስጥተው በውርጭ ያስመቷቸዋል፣ ቀን ፀሐይ ሲያቀልጣቸው በባዶ እግራቸው እየረገጡ ውኃቸውን ያወጣሉ፣ ይህንንም ለቀናት ሲደጋግሙት ቀላልና ደረቅ የሆነ፣ ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጥ ምግብ ያገኛሉ። ቹኞ የሚባለው ይህ ምግብ ድንችን በመጫን ከሚዘጋጁት ከታወቁት ምግቦች ሁሉ ቀደምቱ ሊባል የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ የቹኞ ጥበብና ከብዙ ዘመን በኋላ ወደ ማዕድ ቤት የገባው የድንች መጭመቂያ የሚፈልጉት ነገር ተቃራኒ ነው፤ ውርጭ የድንቹን ሕዋሳት፣ ማለትም በዓይን የማይታዩትን የአካሉን ጥቃቅን ክፍሎች፣ ሰንጥቆ ውኃቸው እንዲፈስ ሲያደርግ፣ የመጭመቂያው ጥበብ ደግሞ ሕዋሳቱን ሳይሰነጥቁ አንዱን ከሌላው ማለያየት ነው። የመሣሪያው ታሪክም በአብዛኛው ምግብ አብሳዮች ይህን ልዩነት በእጃቸው ሲያውቁት፣ ሳይንስ ግን ዘግይቶ የደረሰበት ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንሲስኮ ፒሳሮ በ1532 የኢንካን ግዛት ከወረረ በኋላ ስፔናውያን ድንችን አወቁት፤ በ1567 ከካናሪ ደሴቶች ወደ አንትወርፕ የተላከ ድንች በመዝገብ ላይ ሰፍሮ ይገኛል፣ በ1573 ደግሞ በሴቪያ ከተማ የነበረ አንድ ሆስፒታል ለበሽተኞቹ ድንች እንደገዛ የሒሳብ መዝገቡ ያሳያል። በ1588 በቪየና ይሠራ የነበረው የዕፅዋት ሊቅ ካሮሉስ ክሉሲየስ የድንች እንክብል ደረሰው፣ በ1596 ደግሞ የባዝሉ ሐኪም ካስፓር ባውሂን ሶላኑም ቱበሮሱም የሚለውን፣ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ሊቃውንቱ ስም ቢያወጡለትም ሕዝቡ ለብዙ ዘመን በጥርጣሬ ይመለከተው ስለነበር፣ ከአየርላንድና ከጥቂት ሌሎች አገሮች በቀር በማዕድ ላይ የተከበረ ቦታ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። በ1747 በለንደን በታተመው የሐና ግላስ የምግብ አዘገጃጀት መጽሐፍ ውስጥ ስለተደቆሰ ድንች የተሰጠው መመሪያ፣ ድንቹ ተቀቅሎና ተልጦ በድስት ውስጥ በደንብ እንዲደቆስ፣ ለሁለት ፓውንድ ድንች፣ ማለትም ለ900 ግራም ገደማ፣ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ወተትና ጥቂት ጨው እንዲገባበት፣ ከታች እንዳይዝም እየተጠነቀቁ እንዲያማስሉት፣ በመጨረሻም ሩብ ፓውንድ ቅቤ እንዲጨመርበት ያዝዛል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራው የተደቆሰ ድንች ከዚህ መመሪያ ብዙም አይርቅም፤ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እርሱም ድንቹ በምን ይደቆስ የሚለው ጥያቄ ነው። በዚያ ዘመን ለዚህ ሥራ የሚውለው ከእንጨት የተጠረበ፣ ጫፉ ደንዳና የሆነ መደቆሻ ነበር፤ በአየርላንድ ቤቶችም ከጎመንና ከቅቤ ጋር የሚቀርበው ድንች በዚሁ ዓይነት ከባድ የእንጨት መደቆሻ ይዘጋጅ ነበር። መደቆሻው ብርቱና ርካሽ ቢሆንም ሁለት ጉድለት ነበረበት፤ በስሱ የደቆሰ ሰው ጓል የሆነ ድንች ያስቀራል፣ ጓሉ እስኪጠፋ የታገለ ሰው ደግሞ ድንቹን ተጣባቂ ያደርገዋል።

በአህጉሩ ላይ ድንችን ወደ ሕዝብ ማዕድ ያስገቡት ነገሥታትና የጦር ሜዳ ረሃብ ነበሩ። የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ በመጋቢት 1756 ገበሬዎች ድንች እንዲተክሉ ትእዛዝ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በተነሣው የሰባት ዓመት ጦርነትም አንቷን ኦጉስተን ፓርማንትዬ የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ የጦር ሠራዊት ፋርማሲስት በፕሩሲያውያን ተማርኮ፣ በእስር ቤት የሚቀርብለት ምግብ ድንች ስለነበር የሰብሉን ጠቃሚነት በራሱ ሰውነት ላይ አረጋገጠ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በ1770ዎቹ መጀመሪያ የቤዛንሶን አካዳሚ በረሃብ ጊዜ እህልን የሚተኩ ተክሎችን በሚመለከት ባዘጋጀው ውድድር ስለ ድንች ጽፎ አሸነፈ፣ በ1779 ደግሞ ያለ ስንዴ ዱቄት ከድንች ብቻ ዳቦ ስለመጋገር ጽሑፍ አሳተመ። ፈረንሳይ ስሙን ያኖረችው ግን በዳቦው ላይ ሳይሆን፣ ከተከተፈ ሥጋ በላይ የተደቆሰ ድንች ተደርቦ በምድጃ በሚጋገረው አሺ ፓርማንትዬ በተባለው ምግብ ላይ መሆኑ፣ ድንች የዳቦን ቦታ ለመያዝ ከሚታገል ይልቅ በራሱ ጠባይ ሲዘጋጅ የበለጠ እንደሚከበር ያሳያል።

የፈረንሳይ ባለሙያ ምግብ አብሳዮች ለስላሳ ፑሬ፣ ማለትም በስሎ ተጣርቶ የለዘበ የአትክልት ምግብ፣ ለመሥራት የሚጠቀሙበት መሣሪያ ታሚ የሚባለው ወንፊት ነበር። ይህም በክብ የእንጨት ጠርዝ ላይ የፈረስ ጭራ ፀጉር ወይም ቀጭን ሽቦ ተወጥሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ትኩሱ ድንች ከላይ ተደርጎ በእንጨት መጫኛ ወደ ታች ይገፋል። እዚህ ላይ መምህራን ለደቀ መዛሙርት አጥብቀው የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነበር፤ ድንቹ ቁልቁል ይጫን እንጂ በወንፊቱ ፊት ላይ ወዲያና ወዲህ አይፈተግ የሚል ነው። ይህ ትምህርት ምክንያቱ ሳይታወቅ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ቢሆንም፣ የድንች መጭመቂያ የቆመበት መሠረት ራሱ እርሱ ነው። ወንፊቱ ውጤቱ እጅግ ያማረ ቢሆንም ጊዜና ጉልበት የሚፈጅ በመሆኑ፣ ብዙ ረዳት ላለው ታላቅ ማዕድ ቤት እንጂ ብቻዋን ለምታበስል የቤት እመቤት የሚመች አልነበረም።

በ1845 የድንች ዋግ የተባለው በሽታ በአየርላንድ ያስከተለው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጅቶ ሌላ ሚሊዮን የሚሆነውን ካሰደደ በኋላም ድንች ከዓለም ማዕድ አልወጣም፤ እንዲያውም ወደ አዳዲስ አገሮች መዛመቱን ቀጠለ። ወደ ኢትዮጵያም የገባው በዚሁ ዘመን ሲሆን፣ ያስገባውም በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ለረጅም ዘመን የኖረው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1858 እንደሆነ ይጠቀሳል። በኢትዮጵያ ማዕድ ቤት ድንች በአልጫም ሆነ በቀይ ወጥ፣ በቅቅልም ሆነ በጾም ምግብ፣ ሙሉውን ወይም ተቆራርጦ ስለሚገባ፣ እርሱን ብቻ የሚጭን ልዩ መሣሪያ ለረጅም ዘመን አላስፈለገም።

ባለ ሁለት እጀታው መጭመቂያ የተወለደው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሩብ፣ ብረት ማቅለጥና በቆርቆሮ መለበጥ በረከሰበት፣ በተለይም በዩናይትድ ስቴትስ ለማዕድ ቤት ዕቃ የፈጠራ ባለቤትነት መብት በብዛት በሚሰጥበት ጊዜ ነው። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ድንች ለመጨፍለቅና ፍራፍሬ ለመጭመቅ ያገለግላሉ የተባሉ መሣሪያዎች በየጊዜው መብት እየወጣላቸው ለገበያ ቀረቡ። የአሠራራቸው መሠረት እስከ ዛሬ አልተለወጠም፤ ታችዋ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳ ትንሽ የብረት ቅርጫት አለች፣ በላይዋ ልክዋ የሆነ ክብ መጫኛ ይገባባታል፣ ሁለቱም በአንድ ማጠፊያ ተያይዘው ረዣዥም እጀታዎች አሏቸው። መጫኛው ለማጠፊያው ቅርብ፣ የሰው እጅ ደግሞ ከማጠፊያው ሩቅ በመሆኑ፣ በመፈንቅል ሕግ መሠረት እጅ የሚያሳርፈው ኃይል ብዙ እጥፍ ሆኖ በድንቹ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ወንፊቱ የሚጠይቀውን ትግል መሣሪያው በአንድ ጭመቃ ይጨርሰዋል። ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው ድንችም አጫጭር፣ ነጫጭና ልል የሆነ፣ የተቀቀለ ሩዝ የሚመስል ክምር ነው። ከሁሉ በላይ ግን መሣሪያው ድንቹን አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚነካው፣ የፈረንሳይ መምህራን በቃል ያስተማሩት ትእዛዝ በብረት ተሠርቶ ማንም ሊሳሳተው የማይችል ሆነ። ይህ እጅግ ሊደነቅ የሚገባው ነገር ነው፤ ለዓመታት ልምምድ የሚሻ የእጅ ጥበብ፣ በጥቂት ሳንቲም በሚገዛ ዕቃ ውስጥ ገብቶ ለተራው ቤተሰብ ተሰጠ።

በዚያው ዘመን የተጻፉት የጣሊያን መመሪያዎች የመጭመቂያው ሥራ በፑሬ ብቻ እንደማይወሰን ያመለክታሉ። ፔሌግሪኖ አርቱዚ በ1891 በፍሎረንስ በራሱ ገንዘብ ባሳተመው ታላቅ የምግብ መጽሐፍ ውስጥ ኞኪ፣ ማለትም ከድንችና ከዱቄት ተለውሶ በትንንሹ እየተቆረጠ የሚቀቀል ምግብ፣ ሲያስተምር ለ400 ግራም ድንች 150 ግራም የስንዴ ዱቄት ያዝዛል፣ ድንቹም በውኃ ወይም ይበልጥ በሚሻለው በእንፋሎት በስሎ በትኩሱ ተልጦ በወንፊት እንዲያልፍ ያሳስባል። በእንፋሎት ማብሰሉና በትኩሱ ማሳለፉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ውኃ ያዘለ ድንች ብዙ ዱቄት ስለሚጠጣ ኞኪው እንደ ድንች መጣፈጡን ትቶ ሊጥ ብቻ ይሆናል። አርቱዚ በተወለደበት በሮማኛ አውራጃ ደግሞ ከዳቦ ፍርፋሪ፣ ከአይብና ከእንቁላል የሚለወሰው ፓሳቴሊ የተባለ የሾርባ ምግብ ቀዳዳ ባለው ብረት ተጨምቆ ይወጣ ስለነበር፣ ድንቹን ከወንፊት ወደ መጭመቂያ ማዛወር ለዚያ አገር እናቶች የሚከብድ አልሆነም። በሰሜን ደግሞ የኖርዌይ ስደተኞች ወደ ሚኒሶታና ወደ አካባቢዋ ሲሄዱ ለፍሰ የተባለውን ስስ የድንች ቂጣ ይዘው ሄዱ፤ ቂጣው አንዲት ጓል እንኳ ካለችበት ሲዳመጥ ስለሚቀደድ፣ መጭመቂያ በእነዚህ ቤቶች የማይታጣ ዕቃ ሆነ። ድንች በተወለደበት በፔሩም ካውሳ የሚባለው፣ ከቢጫ ዱቄታማ ድንች፣ ከሎሚና ከአገሩ ቃሪያ የሚሠራው ቀዝቃዛ ምግብ ዛሬ በዚሁ መሣሪያ ይዘጋጃል።

20ኛው ክፍለ ዘመን ለመጭመቂያው ተቀናቃኝ አመጣለት። በ1928 በቤልጂየም ቪክቶር ሲሞን፣ በ1932 ደግሞ በፈረንሳይ ዣን ማንትሌ፣ በእጅ ለሚዞር የአትክልት መፍጫ የፈጠራ መብት አወጡ፤ መፍጫው በተበሳ ሰሃን ላይ ያዘመመ ምላጭ እያዞረ የበሰለውን ምግብ ወደ ቀዳዳው የሚገፋ ነው። ማንትሌ ዕቃውን መጀመሪያ በ36 ፍራንክ ቢያቀርበው ገዢ በማጣቱ ዋጋውን ወደ 20 ፍራንክ ዝቅ ሲያደርገው በፈረንሳይ ማዕድ ቤቶች ሁሉ ተሠራጨ፣ ከዚህም ሥራ በ1957 ሙሊኔክስ የሚል ስም የያዘው ታላቅ ኩባንያ አደገ። መፍጫው ለሾርባና ለቲማቲም ከመጭመቂያው ይልቃል፣ ልጣጭንና ፍሬን ያስቀራል፣ ብዙ ምግብም በአንድ ጊዜ ይጨርሳል፤ ድንችን ግን ከቀዳዳው ከማሳለፉ በፊት ጥቂት ይፈትገዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት የኤሌክትሪክ መፍጫዎች ደግሞ ለድንች ጠላቶች ሆኑ፤ በፍጥነት የሚዞር ምላጭ በደቂቃ ውስጥ ጥሩውን ድንች የግድግዳ ወረቀት ወደሚለጠፍበት ዓይነት ማጣበቂያ ይለውጠዋል።

ይህ ለምን እንደሚሆን በጥልቀት የመረመሩት በ1950ዎቹ በፊላደልፊያ አቅራቢያ በሚገኘው የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምሥራቅ ቀጠና ቤተ ሙከራ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው። ዓላማቸው በትኩስ ውኃ ብቻ ተመልሶ ፑሬ የሚሆን ደረቅ የድንች ቅርፊት መሥራት ነበር፤ እንቅፋታቸውም ስታርች ነው። ስታርች በድንች ሕዋሳት ውስጥ በቅንጣት መልክ የሚገኘው ዋናው የኃይል ሰጪ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ድንቹ ሲቀቀል በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ውኃ እየጠጣ ያብጣል፤ ሙቀቱ ወደ መፍላት ሲጠጋ ደግሞ ሕዋስን ከሕዋስ ያያያዘው ፔክቲን የተባለው ንጥረ ነገር ይሟሟል፣ ሕዋሳቱም በቀላሉ ይለያያሉ። በዚህ ጊዜ ድንቹ በቀስታ ቁልቁል ቢጫን ሕዋሳቱ ያበጠውን ስታርች እንደያዙ እርስ በርስ ይላቀቃሉ፣ ምግቡም ልልና ደረቅ ይሆናል፤ ቢፈተግ ወይም በምላጭ ቢመታ ግን ግድግዳቸው ይቀደድና የፈሰሰው ስታርች ሁሉን ነገር ያጣብቀዋል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት መፍትሔ የተቆራረጠውን ድንች አስቀድሞ በ70 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ለ20 ደቂቃ ያህል ማሞቅ፣ ቀጥሎም ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ በእንፋሎት ማብሰል ነው፤ ይህም የሕዋሱን ግድግዳ ያጠነክራል፣ ስታርቹም ቀዝቅዞ ሲረጋ ቶሎ እንዳይሟሟ ያደርገዋል። የበሰለው ድንች ወደ ማድረቂያው ከመግባቱ በፊት በፋብሪካው ያለፈበት መሣሪያም ከቤቱ መጭመቂያ ጋር በአሠራር አንድ ነበር።

ፓሪስ ውስጥ በ1981 ዣመን የተባለ ምግብ ቤት የከፈተው ዦኤል ሮቡሾን በ1984 በሚሽላን የምግብ ቤቶች መመሪያ ሦስት ኮከብ ሲያገኝ፣ ከሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው ርካሹ የድንች ፑሬ መሆኑ የዓለምን ምግብ አብሳዮች ትኩረት ወደ ድንች መለሰ። ባሳተመው መመሪያ ለአንድ ኪሎ ራት የተባለ ትንሽ ድንች 250 ግራም ቅቤ ይገባል፤ ድንቹ ከነልጣጩ ይቀቀላል፣ ትኩሱን ተልጦ በመፍጫው ደቃቅ ሰሃን ያልፋል፣ በድስት ውስጥ እሳት ላይ እየተማሰለ እርጥበቱ ይተናል፣ ቀዝቃዛው ቅቤ በጥቂት በጥቂቱ፣ ትኩሱ ወተት ደግሞ በመጨረሻ ይጨመራል፣ ይበልጥ እንዲለዝብ የተፈለገ እንደሆነም በታሚ ወንፊት ይጣራል። ሮቡሾን በ2018 እስኪሞት ድረስ ይህ ምግብ ከስሙ አልተለየም። እንዲህ ያለውን ሐር መሳይ ልስላሴ ለሚፈልግ ሰው መፍጫውና ወንፊቱ ይሻሉታል፤ በየቀኑ ለሚበላ፣ ልልና የድንቹ ጣዕም ለሚጎላበት ምግብ ግን ባለ ሁለት እጀታውን መጭመቂያ የሚያህል የለም።

ዛሬ መጭመቂያ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊመረምረው የሚገባው መልኩን ሳይሆን ማጠፊያውንና እጀታውን ነው፤ ስስ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ከሆነ አንድ ቀን ያልበሰለ ጓል ሲገጥመው ይጣመማል። መጫኛው ከቅርጫቱ ግድግዳ ጋር በጣም ካልተጠጋ ድንቹ በቀዳዳው ከመውረድ ይልቅ በጎን ሽቅብ ይወጣል፣ ይህም በርካሽ ዕቃዎች ላይ ከሚታዩት ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ነው። አሉሚኒየም ቀላልና ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ቢሆንም በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ስለሚጠቁር በእጅ መታጠብ አለበት፤ የማይዝግ ብረት የሆነው ከበድ ይላል፣ ዕድሜው ግን ረጅም ነው። ተለዋዋጭ ሰሃን ያለው መጭመቂያ ጠቃሚ የሚሆነው ባለቤቱ ከድንች ሌላ ፓሳቴሊንና መሰል ሊጦችን ለመጭመቅ ካሰበ ብቻ ሲሆን፣ ለፑሬና ለኞኪ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ይበቃል።

አጠቃቀሙም ከታሪኩ የሚከተል ነው። ድንቹ በቀዝቃዛ የጨው ውኃ ተጥዶ ሹካ ያለ ችግር እስኪወጋው ይቀቀላል፣ ውኃው ተንቆርቁሮ ድንቹ ባዶ ድስት ውስጥ ጥቂት በእሳት ይደርቃል፣ ከዚያም ሳይቀዘቅዝ ይጨመቃል። ልጣጩን ለመላጥ ለሰነፈ እጅ ድንቹን ለሁለት ከፍሎ የተቆረጠውን ፊት ወደ ቀዳዳው ማድረግ ይበቃል፤ ሥጋው ይወርዳል፣ ልጣጩ በቅርጫቱ ይቀራል። ቅቤና ትኩስ ወተት የሚገቡት ከተጨመቀ በኋላ ሲሆን፣ በእንጨት ማንኪያ ማጠፍ እንጂ መምታት አይገባም። መጭመቂያውም ሥራው እንዳለቀ ውኃ ውስጥ ይግባ፤ በቀዳዳው የደረቀ ስታርች እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል።

ከመሣሪያው ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ግን የድንቹ ዓይነት ነው። ስታርቹ የበዛ ዱቄታማ ድንች ሲበስል በቀላሉ ስለሚበታተን ለመጭመቂያ ይስማማል፣ ስታርቹ ያነሰው ጠንካራ ዓይነት ደግሞ ቅርጹን ስለሚይዝ ለወጥና ለሰላጣ ይሻላል፤ በካናዳ የጌልፍ ዩኒቨርሲቲ በ1980 የወጣው ዩከን ጎልድ በሁለቱ መካከል ያለ በመሆኑ ለሁለቱም ይሆናል። በኢትዮጵያም ጃለኔ በ2002፣ ጉደኔ በ2006፣ በለጠ በ2009 ተለቀው ለገበሬ የደረሱ ሲሆን፣ በገበያ ላይ ግን ድንች ብዙ ጊዜ በዓይነቱ ስም ስለማይሸጥ፣ ገዢው ራሱ ሊለየው የሚችልበት ቀላል መንገድ አለ፤ አንድ ስኒ ጨው በአሥራ አንድ ስኒ ውኃ ተበጥብጦ ድንቹ ይጨመርበታል፣ ዱቄታማው ይሰምጣል፣ ጠንካራው ይንሳፈፋል።